ዳዊትን ስለ መድገም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በአገራችን ሰው መዝሙረ ዳዊትን በጸሎት ሲያደርስ «ዳዊት አነበበ» ከማለት ይልቅ «ዳዊት ደገመ» እንላለን። መድገም ማለት የተባለውን መልሶ ማለት፣ የተሠራውንም መልሶ መሥራት መሆኑን የማያውቅ የለም። ጸሎቱ ለሳምንቱ ዕለታት ተከፍሎ፣ ሲፈጸም እንደ ገና ስለሚጀመር ስሙ የተገባ ነው። ነገር ግን መዝሙረ ዳዊት በሌላም ምክንያት የድጋም መጽሐፍ ነው፤ አንባቢው ሳይደግመው በፊት መጽሐፉ ራሱን ይደግማልና። አንደኛው ስንኝ አንድ ነገር ከተናገረ በኋላ፣ ሁለተኛው ስንኝ ተከትሎ ያንኑ ነገር በሌላ ቃል ያነሣዋል።

ስለዚህም ነገር ከወጣቶች ዘንድ ጥያቄ ሲነሣ እንሰማለን። «አንድ ጊዜ የተነገረው ከተሰማ ሁለተኛው ለምን አስፈለገ? ጸሎቱስ በግማሽ ቢያጥር ምን ይጎድላል?» ይላሉ። ይህን ጥያቄ እንደ ድፍረት አንቈጥረውም፤ የሚጠይቅ ሰው ገና ከመጽሐፉ አልራቀምና። ዛሬ የምንናገረው መልስ እንዲሆነው ነው። መልሱንም ከታሪክ እናወጣለን፤ ምሳሌውን ግን በሰሜን ወሎ ካለው ከቆቦና ከራያ ቆላ እንወስዳለን።

ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ሰሜን፣ ወደ አላማጣ በሚወስደው መንገድ የተጓዘ ሰው የቆቦን ሜዳ ያውቀዋል። በምዕራብ የደጋው ተራራ፣ በምሥራቅ የዞብል ተራራ እንደ ግንብ ቆመው፣ በመካከላቸው ሰፊው የማሽላ እርሻ ተዘርግቷል። ማሽላው እሸት ሲይዝ የግሪሳ ወፍ እንደ ደመና ይወርድበታልና፣ ልጆች በየማሳው በተሠራው ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ይጠብቃሉ። ወንጭፍ የብላቴናው የዳዊትም መሣሪያ እንደ ነበረ እናስታውስ። ታዲያ አንዱ ጠባቂ ወፍ መነሣቱን አይቶ ሲጮኽ፣ በወዲያኛው ማሳ ያለው ጓደኛው ድምፁን ይቀበለዋል፤ ተቀብሎም ወፉ በየት በኩል እንደ ዞረና ወደ ማን እርሻ እንዳዘነበለ ጨምሮ ለሦስተኛው ያስተላልፈዋል። ገደልም ድምፅን ይመልሳል፤ ነገር ግን የገደል ማሚቶ የሰማውን ብቻ መልሶ፣ እየደከመ ሄዶ ይጠፋል። ጓደኛ ግን ሲመልስ ይጨምራል። በዕብራውያን ቅኔ የምናገኘው ድጋም የጓደኛ ድጋም ነው እንጂ የገደል ድጋም አይደለም።

ነገሩ ይበልጥ እንዲገለጥ ከመጽሐፍ ያልወሰድነውን፣ ለማስረዳት ብቻ ከቆቦ ኑሮ ያዘጋጀነውን ምሳሌ እንስጥ። «ዝናም በተራራው ራስ ላይ ወረደ፤ ውኃ በከፍታው አናት ላይ ፈሰሰ» ብንል፣ ሁለተኛው ስንኝ የመጀመሪያውን ነገር በሌላ ልብስ አሳየ። «የትጉህ ጠባቂ ማሳ እሸቱን ይዞ ያድራል፤ የሰነፍ ጠባቂ ማሳ አገዳውን ታቅፎ ያነጋል» ብንል፣ ሁለተኛው በተቃራኒው ቆሞ የመጀመሪያውን አጸና። «ጎርፍ ከደጋው ወረደ፤ ገበሬውም ጠልፎ ወደ ማሳው መራው» ብንል ደግሞ፣ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ሥራ ተቀብሎ ፈጸመው። እነዚህ ሦስቱ መንገዶች ተመሳሳይ፣ ተቃራኒና ፈጻሚ ሊባሉ ይችላሉ።

በዚህ ክፍፍል ስሙ የሚጠራው እንግሊዛዊው ሊቅ ሮበርት ሎውዝ ነው። በኦክስፎርድ ዩኒቨርስቲ የቅኔ መምህር ሆኖ ስለ ዕብራውያን ቅኔ በላቲን ቋንቋ የሰጠው ትምህርት በአውሮፓ አቈጣጠር በ1753 ታተመ፤ ስለ ትንቢተ ኢሳይያስ የጻፈውም በ1778 ወጣ። ይሁን እንጂ ነገሩን ፈጽሞ የመጀመሪያው ተመልካች እሱ አልነበረም። እንደ ዳዊት ቂምሒ ያሉ የመካከለኛው ዘመን የአይሁድ ተርጓሚዎች አንድን ነገር በልዩ ልዩ ቃል መደጋገም የመጽሐፉ ልማድ መሆኑን አስቀድመው አመልክተው ነበር። የሎውዝ ድካም ይህ ልማድ የቅኔው አጥንት መሆኑን ማሳየቱ ነው። ከብሉይ ኪዳን ሲሶ የሚያህለው በቅኔ የተጻፈ ነውና፣ ይህን አጥንት ያልለየ አንባቢ የነቢያትን ቃል ግማሹን በድግግሞሽነት ይንቀዋል፤ ወይም ሁለቱን ስንኞች ሁለት ልዩ ልዩ ነገር ያደርጋቸዋል።

ይህ ሁለተኛው ስሕተት ቀላል ስሕተት አይደለም። ከዚህ የተነሣ ደም ሊፈስ እንደሚችል ራሱ መጽሐፍ ቅዱስ በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ በ18ኛው ምዕራፍ ይነግረናል። ዳዊት ጎልያድን ድል አድርጎ ሲመለስ፣ የእስራኤል ሴቶች ከበሮ ይዘው ንጉሡን ሊቀበሉ ወጡ። እየተቀባበሉም ሲዘፍኑ በአንዱ ስንኝ ሳኦልን በሺህ፣ በሁለተኛው ስንኝ ዳዊትን በእልፍ አመሰገኑ። ሳኦል ይህን በሰማ ጊዜ ለዳዊት የተሰጠው እልፍ ከእሱ ሺህ ላይ የተቀነሰ መስሎ ታየው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ዳዊትን በክፉ ዓይን ተመለከተው፤ በማግሥቱም ጦር ወረወረበት።

ስለዚህ ዘፈን ከብዙ ሺህ ዓመት በኋላ ከመሬት ውስጥ ምስክር ወጣ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1929 በሶርያ የባሕር ዳርቻ፣ ራስ ሻምራ በሚባለው ስፍራ፣ ኡጋሪት የተባለችው ጥንታዊት ከተማ መቈፈር ተጀመረ። በዚያም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ14ኛውና በ13ኛው መቶ ዓመት አካባቢ በሸክላ ላይ የተጻፈ ቅኔ ተገኘ። ቋንቋው የዕብራይስጥ የቅርብ ዘመድ፣ ለግዕዛችንም የሩቅ ዘመድ ነው። ሊቃውንቱ ሲያነቡት የኡጋሪት ባለ ቅኔዎችም እንደ ዕብራውያን በጥንድ ስንኝ ይናገሩ እንደ ነበረ፣ ደግሞም የሚያጣምሩአቸው ቃላት ብዙዎቹ በመጽሐፍ ቅዱስ የሚጣመሩት እንደ ሆኑ ተመለከቱ። ከእነዚህም ጥንዶች አንዱ ሺህና እልፍ ነው። አንደኛው ስንኝ ሺህ ካለ፣ ሁለተኛው እልፍ ማለቱ የቆየ የቅኔ ወግ ነበረ።

እንግዲህ ሴቶቹ አንዱን ከሌላው ለማበላለጥ ወጥተው ይሆን? ወይስ ንጉሡንና ብላቴናውን በአንድ ድል አጣምረው ለማመስገን? የቅኔው ወግ ለሁለተኛው ይመሰክራል። ሁለተኛው ስንኝ ከመጀመሪያው ከፍ ማለቱም ቢሆን ልማድ ነው፤ ጄምስ ኩገል የተባለው ሊቅ በ1981 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ሁለተኛው ስንኝ «ይህም ብቻ አይደለም» እንደ ማለት ያለ ኃይል እንዳለው አስረድቷል። ነገር ግን ከፍ የሚለው የመጀመሪያውን ተሸክሞ ነው እንጂ ጥሎት አይደለም። ቅናት የያዘው የሳኦል ጆሮ ግን ጥንዱን ሰነጠቀው። አንድ ምስጋና የነበረውን ሁለት አድርጎ፣ አንደኛውን በሌላው ላይ አስነሣው።

ይህ የሺህና የእልፍ ቅኔ ከዕብራይስጥ ተነሥቶ እስከ ቆቦ ቆላ እንዴት ደረሰ? ይህን ለማስተዋል የራሳችንን ቅኔ ከጎኑ ማስቀመጥ ይጠቅማል። ከቆቦ ወደ ምዕራብ ደጋውን ወጥቶ፣ ላስታን አልፎ የሄደ ሰው ዋድላን ያገኛል። ዋድላ ከጎጃሙ ዋሸራ ጋር በቅኔ ትምህርት ስሙ የሚጠራ አገር ነው። የግዕዝ ቅኔ በሰምና ወርቅ ይሠራል፤ ሁለት ምሥጢር በአንድ ቃል ውስጥ ይሰውራል። የዕብራውያን ቅኔ ግን አንድ ምሥጢር በሁለት ቃል ይገልጣል። የዋድላውን ቅኔ ወደ ሌላ ቋንቋ ብንመልሰው ሰሙ ይፈርሳል፤ ሰሙም ሲፈርስ ወርቁ መግቢያ ያጣል፤ ቤት መምታቱም ይቀራል። የዳዊትን መዝሙር ብንመልሰው ግን ጥንድነቱ አብሮን ይሻገራል፤ የተመሠረተው በድምፅ ላይ ሳይሆን በነገሩ ላይ ነውና።

እንዲህም ሆኖ ከዕብራይስጥ ወደ ግሪክ፣ በአክሱም ዘመን ከግሪክ ወደ ግዕዝ፣ ከግዕዝም ወደ አማርኛ ተሻገረ። በመንገድ የጠፋ ነገር የለም አንልም። በእኛ ቁጥር 118ኛው፣ በዕብራይስጡ 119ኛው መዝሙር 176 ቁጥሮች አሉት፤ በዕብራይስጡ ስምንት ስምንቱ ቁጥር በአንድ ፊደል እየጀመረ ሃያ ሁለቱን ፊደላት ይፈጽማል። በትርጉም ይህ ፊደል አልተሻገረም። ነገር ግን አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል እያለ የፊደሎቹ ስም በየክፍሉ ራስ ላይ በግዕዙ ዳዊታችን ቀርቷል። ፊደሉ ሲጠፋ ስሙ ምስክር ሆኖ ቆመ። ጥንድ ስንኙ ግን ምስክር ሳያሻው ራሱ ደረሰ። ጸሐፊዎቻችንም ይህን አልሳቱትም። ሌሎችን መጻሕፍት በሁለት ወይም በሦስት ዓምድ ሲጽፉ፣ መዝሙሩን በአንድ ዓምድ፣ እያንዳንዱን ስንኝ በራሱ መስመር እያስጀመሩ ጽፈውታል። ስለዚህ ዳዊት የሚማር ሕፃን ምሥጢሩን ከማወቁ በፊት ጥንዱን በዓይኑ ያየዋል።

ቤተ ክርስቲያናችን ከመቶ ኀምሳው መዝሙር ሌላ የያዘችው 151ኛው መዝሙርም ለዚህ ታሪክ ምስክር ነው። እረኛው ዳዊት ተመርጦ ጎልያድን ድል ስለ ማድረጉ የሚናገረው ይህ መዝሙር በግሪኩና በግዕዙ ተጠብቆ ሲኖር፣ በአይሁድ መዝሙር ውስጥ ስለማይገኝ የዕብራይስጥ ምንጭ አልነበረውም የሚሉ ነበሩ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1956 ግን በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን 11ኛው ዋሻ የመዝሙር ጥቅልል ተገኘ። ጥቅልሉም በ1965 ታተመ፤ የዚሁ መዝሙር ዕብራይስጥ በውስጡ አለ። አባቶች ሳይጠራጠሩ ሲደግሙት የኖሩት ቃል ምንጩ ከዋሻ ወጣ።

ጥንድ ስንኝ በባሕርዩ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ይቀበላል። በኦሪት ዘጸአት ባሕረ ኤርትራ ከተከፈለ በኋላ ማርያም እኅተ ሙሴ ከበሮ አንሥታ ሴቶቹን አስከትላ ዘመረች። በእኛም ማኅሌት ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ተሰልፈው፣ ቀኝ ጌታውና ግራ ጌታው በየወገናቸው ሆነው፣ ዜማውን ይቀባበላሉ። በቅዳሴ ዲያቆኑ ምስባኩን ከመዝሙረ ዳዊት ያሰማል፣ ሕዝቡም ተቀብሎ ያዜማል። ከቤተ ክርስቲያን ውጭም ቢሆን በራያ ቆላ ሽማግሌ ሲመርቅ ቃሉን በየሐረጉ ያሳርፈዋል፤ ለዝናሙ ለምኖ ለሣሩ፣ ለልጁ ለምኖ ለጥጃው ይለምናል። በየሐረጉም መጨረሻ የተሰበሰበው ሁሉ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ በአንድ ቃል አሜን ይላል። አሜን ካልተባለ ምርቃቱ በአንድ እግሩ እንደ ቆመ ይቆጠራል።

በልቅሶም ጊዜ እንዲሁ ነው። አልቃሽ ግጥም ስታወርድ ለቀስተኛው ይቀበላታል፤ የሟቹን ስም እየመላለሰች ትጠራለች፣ ሕዝቡም ይመልስላታል። ነቢዩ ኤርምያስ በ9ኛው ምዕራፍ አልቃሾች ሴቶች እንዲጠሩ ያዘዘው ይህን የመሰለ ወግ በአገሩ ስለ ነበረ ነው። የዕብራውያን ሙሾ ሁለተኛው እኩሌታ ከመጀመሪያው ብዙ ጊዜ እንደሚያጥር ካርል ቡደ የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ በ1882 አስታውቋል። ልቅሶ ቤት ውሎ የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን ከሊቅ መጠየቅ አያሻውም፤ ያዘነ ሰው ትንፋሹ ከቃሉ ቀድሞ ያልቃልና።

ቆቦና ራያ ይህን ልቅሶ አብዝተው ያወቁ አገሮች ናቸው። በ1965ና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ረኀብ፣ እንደ ገናም በ1977 ዓ.ም. ድርቅ፣ ዝናም ጠፍቶ ከብቱ አለቀ፣ ሰውም በየመንገዱ ወደቀ። በሰሜኑ ጦርነት ዘመን ደግሞ፣ በ2013ና በ2014 ዓ.ም.፣ ቆቦ ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ ብዙ ሰላማዊ ሰው ሕይወቱን አጣ፤ የሚቀባበለው ለቀስተኛ እንኳ በወጉ ሳይሰበሰብ የተቀበረ አለ። እንዲህ ባለ ቀን ሰው አዲስ ቃል ከወዴት ያመጣል? በእኛ ቁጥር 12ኛው፣ በዕብራይስጡ 13ኛው መዝሙር የመከራን ርዝመት አራት ጊዜ ይጠይቃል። ጥያቄው አንድ ነው፤ ሲደጋገም ግን በየጊዜው ሌላ ሸክም ያነሣል፤ የመረሳትን፣ የፊት መሰወርን፣ የልብ ኀዘንን፣ የጠላትን ከፍታ። ጸሎቱ በግማሽ ይጠር ያልነው ወንድማችን ከእነዚህ ሸክሞች የትኛውን ሊተውልን ነው? አራት ጊዜ ለመጠየቅ የተፈቀደለት ሰው ግን በመዝሙሩ መጨረሻ ተስፋና ምስጋና ላይ ይደርሳል።

አሁን ወደ ሳኦል እንመለስ። ሳኦልና ልጁ ዮናታን በጊልቦዓ ተራራ በወደቁ ጊዜ ዳዊት ያሰማው ሙሾ በሳሙኤል ካልዕ በ1ኛው ምዕራፍ ተጽፏል። የኃያላኑን መውደቅ የሚያነሣው ቃል ሦስት ጊዜ ይመላለስበታል። ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ዳዊት የሚያሳድደውን የሳኦልን ሰይፍ ከሚወደው ከዮናታን ቀስት ጋር በጥንድ ስንኝ አቁሞ፣ ሁለቱን በአንድ ምስጋና ማመስገኑ ነው። ሳኦል በቅናት የሰነጠቀውን ጥንድ ዳዊት በልቅሶ ገጠመው። ይህንንም ሙሾ ለይሁዳ ልጆች እንዲያስተምሩት አዘዘ። ጠላቱን በጥንድ ስንኝ ያለቀሰ ንጉሥ ሕዝቡ እንዲደግመው የፈለገው ቂሙን ሳይሆን ልቅሶውን ነበረ።

በዚህ ስፍራ አንድ ነገር መለየት ይገባናል። በአማርኛችን ከዚሁ ከመድገም ግስ «ድግምት» የሚባል ሌላ ቃል ይወጣል። ድግምት ቃሉን በመቍጠር ብቻ ኃይል ይገኛል ብሎ፣ ልብን ትቶ ከንፈርን ማድከም ነው። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በ6ኛው ምዕራፍ ቃልን በከንቱ መደጋገምን የከለከለው ይህን ነው። እሱ ራሱ ግን በጌቴሴማኒ ወድቆ ሲጸልይ ለሦስተኛ ጊዜ ያንኑ ቃል እንደ ደገመ ያው ወንጌል በ26ኛው ምዕራፍ ይመሰክራል። እኛም እግዚኦታውን 41 ጊዜ ስናደርስ የምንቈጥረው ለእግዚአብሔር ቍጥር ለመሙላት አይደለም፤ ልባችን በአንደኛው ያልመጣ እንደ ሆነ በአርባኛው ይመጣ ይሆናልና ነው። የገደል ማሚቶ ሆኖ የሚደግም አለ፤ ጓደኛ ሆኖ የሚደግምም አለ።

እንግዲህ የተወደዳችሁ ሆይ፤ ለጠየቁን ወጣቶች መልሳችን ይህ ነው። በቆቦ ሜዳ እንደ ሆርማትና እንደ ጎሊና ያሉ ወንዞች ከደጋው በጎርፍ ሲወርዱ፣ ክትር ያልተሠራለት ውኃ በአንድ ሌሊት ወደ በረሃ ያልፋል፤ በማሳው ውስጥ እየተቀበለ የሚያቆየው ክትር ሲኖር ግን ምድር ጠጥታ ማሽላ ታበቅላለች። የመጀመሪያው ስንኝ እንደ ጎርፉ ነው፤ ሁለተኛው እንደ ክትሩ ነው። አንድ ጊዜ የተነገረው በጆሮ ያልፋል፤ ሁለተኛው ተቀብሎ ወደ ልብ ያሰርገዋል።

ስለዚህ ልጆቻችን ዳዊት ሲማሩ የሚቀበላቸው ሰው አይጡ። አባት አንዱን ስንኝ ቢል ልጅ ሁለተኛውን ይበል። በጎረቤታችንም ዘንድ እንደ ሁለተኛ ስንኝ እንሁን። የደጋው ሰው ሲመሰገን ቆለኛው የተነቀፈ አይምሰለው፤ የአንዱ መንደር ሙሾ ሲሰማም የወዲያኛው መንደር ኀዘን የተረሳ አይምሰለው። ለባልንጀራችን እልፍ ሲቈጠርለት ከእኛ ሺህ ላይ የተቀነሰ የሚመስለን ከሆነ፣ የሳኦል ጆሮ በእኛም ዘንድ አለ። የወንድሙን ስንኝ ተቀብሎ አሜን የሚል ሰው ግን ዳዊትን በእውነት ደገመ።

አምላከ ዳዊት የቆቦን ምድር ዝናሟን በጊዜው፣ ሰላሟንም ለዘለቄታው ይስጣት። ያለቀሱትን ያጽናና፤ እኛንም እርስ በርሳችን የምንቀባበል ሕዝብ ያድርገን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።